ሳህን የማትነካው እህት

ኬምራጅ ድስቱን ከእህቱ እጅ ነጥቆ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ሲወረውረው፣ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሁለት ጊዜ ቆረቆረ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ድስቱ ሚስቱ ጃኑካ ማታ ምስር ያሳረረችበት ነው። ናንዳካሊ ያ ያረረ ድስት ሲከነክናት አድሮ በማለዳ ተነሣች፤ የሽቦ መፈተጊያውን ፈልጋ ብታጣው የዕንቁላል ቅርፊት ከጨው ጋር አድቅቃ የድስቱን ቂጥ ስትፈትግ ነው ወንድሟ የደረሰባት።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ዕቃ አትንኪ አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ፣ እትዬ?»

«ምን አደረግሁ፣ ካንቻ? ድስት እኮ ነው።»

«ድስቱ ገደል ይግባ! እጅሽን አምጪ።»

ካንቻ በአገራቸው የቤቱ ትንሽ ልጅ የሚጠራበት ስም ነው። ኬምራጅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ፀጉሩ ከፊት መሳሳት ጀምሮም ለእሷ ካንቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ግን እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። የስልኩን መብራት አብርቶ አውራ ጣቶቿን ተራ በተራ፣ ወርቅ እንደሚመረምር አንጥረኛ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። ቆዳው ቀላ ከማለቱ በቀር መስመሮቹ አልተነኩም፤ ክብ ክብ ሠርተው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ትንፋሹ ወረደለት። የቅባቱን ብልቃጥ አምጥቶ በራሱ እጅ ቀባት፤ በላዩ ነጩን የጥጥ ጓንት አጠለቀላት። ናንዳካሊ እንባዋ አቀረረ። አምስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ሲቀባት አንድም ቀን ሳታለቅስ የቀረችበት የለም።

አራት ሰዓት ላይ፣ አገር ቤት ገና ሲነጋ፣ ለጎረቤቷ ለቢሽኑማያ ደወለች። የቶኪዮው ክፍላቸው ስድስት ሰሌን ብቻ የሚነጠፍበት ስለሆነ ማንም በሹክሹክታ የሚያወራበት ቦታ የለውም፤ እሷ ደግሞ ስልክ ስትይዝ ከባሕር ማዶ የምትጣራ ነው የሚመስላት።

«ስሚኝማ ጉድ! ዛሬ ድስት ብነካ ጮኸብኝ። ጮኸብኝ እልሻለሁ! አዎ፣ ካንቻ ነዋ! እዚህ ከመጣሁ ሳህን አልነካሁም ስልሽ። ጓንት አድርጌ ነው የምተኛው፣ እንደ ሹም ሚስት... ምን? አልታመምኩም! እጄን ምን አሞኝ? ክብር ነው እንጂ፣ አንቺ ደግሞ!»

ጃኑካ የምሳ ሣጥን ከሚሞሉበት ፋብሪካ የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ገብታ ግድግዳው ጥግ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኗ ስባ ባሏን አየችው። ኬምራጅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ክብር አልነበረም። አገር ቤት፣ ታንሰን ከተማ ውስጥ፣ ከነሐስ ሠሪዎቹ መንገድ ከፍ ብሎ፣ አባታቸው ትቶት የሞተ የድንጋይ ቤት አለ። ናንዳካሊ የምትኖረው እዚያ ነው። ባሏ ማሌዥያ ሠርቼ እመጣለሁ ብሎ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሞተም፣ ሌላ አገባም የሚል ወሬ አልመጣላትም። ከፎቅ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለተማሪዎች ታከራያለች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እሷ ትተኛለች፤ ቀን ቀን ነሐስ ሠሪዎቹ ዘንድ እየሄደች አዲስ የወጣውን ማሰሮና መቅረዝ በጡብ ዱቄትና በሎሚ ስትፈትግ ትውላለች። ኬምራጅ አሥራ አንድ ዓመት ወጥ የሠራበትን የቶኪዮ ምግብ ቤት ደግሞ ባለቤቱ ሊሸጠው ነው፤ ይሄ ወር ሳያልቅ ካልያዘው ለሌላ ይሄድበታል። ለታንሰኑ ቤት ሆቴል ሊሠራበት የሚፈልግ ገዢ ተገኝቷል። ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል ትወርሳለች የሚል ሕግ ስላለ ግን፣ እሷ ድርሻዬን ለቅቄያለሁ ብላ በሁለት አውራ ጣቷ ካልፈረመች ቤቱ አይሸጥም። አምና የአጎታቸው ልጅ «የግብር ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ወስዷት ነበር። ቀለም ቀብተው አሥር ጊዜ ቢያስነኳት ወረቀቱ ላይ ጥቁር ክብ ብቻ ወጣ። የጡብ ዱቄቱ ጣቷን እንደ ወንዝ ጠጠር አለስልሶታል። ጸሐፊው ወረቀቱን መልሶ፣ «ይቺ ሴትዮ ጣት የላትም። እጇ ሲያርፍ አምጧት» አለ።

አገሯ ተቀምጣ እጇ እንደማያርፍ ኬምራጅ ያውቃል። ስለዚህ ቲኬት ላከላት፤ «ለወንድሞች በዓል መጥተሽ ግንባሬን ቀቢኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት እኮ በባዶ ግንባር ነው የዋልኩት» አላት። እሷ ይህንን የድምፅ መልእክት ለመንደሩ ሁሉ አሰማችው። ቶኪዮ ስትደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው መሣሪያም ጣቷን አላነብ ብሎ ሁለት ሰዓት ቆማ ነው የወጣችው፤ እየሳቀች ስትነግረው እሱ አልሳቀም። በዓሉ ዕለት ሰባት ዓይነት ቀለም ግንባሩ ላይ ደረደረች፣ ሞት እንዳይሻገርበት ዙሪያውን በዘይት አጠረችው፣ ከደጇ ለቅማ በሻርፕ ጠቅልላ ያመጣችውን የማይጠወልግ ሐምራዊ አበባ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። አበባው እስካልጠወለገ ድረስ ሞት ወንድሟን አይነካውም። በዓሉ ካለፈ ስምንት ቀኑ ነው፤ አበባው በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ እንደተቀጠፈበት ቀን ሆኖ አለ።

«መጀመሪያ ከተማውን አሳያት» አለችው ጃኑካ ናንዳካሊ መታጠቢያ ቤት ስትገባ። «አብላት፣ አስቃት፤ ከዚያ ውሰዳት። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ኤምባሲያችን ይጣደፋል፤ ሳያነቡ ነው የሚያትሙት አሉ። ከዚያ በፊት እንዳትገባ።»

«ብትጠይቅስ?»

«አምስት ሳምንት ጠየቀች?»

እንግዲህ ኬምራጅ እህቱን ከተማ ሊያሳያት ወጣ። ከመጣች ጀምሮ ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያው ካለው የአትክልት መደብር በቀር ያየችው የለም፤ እሱ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል፣ በሰባተኛው ይተኛል። ናንዳካሊ ለዚህ ቀን አስቀምጣው የነበረውን ቀይ ሻርፕ ደርባለች፤ ጓንቷን አድርጋለች፤ እግሯ ላይ ጃኑካ የሰጠቻት፣ ቁጥሩ የሚሰፋት የስፖርት ጫማ ነው፤ በተራመደች ቁጥር ቷ ቷ ይላል። ባቡሩ ውስጥ ማንም ቃል አይተነፍስም። እሷ ግን ፀጥታውን የኀዘን ቤት አስመስላው፣ ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችው። ሳቁ ሳያስበው አመለጠው። ፊት ለፊት የተቀመጡት አሮጊት ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ናንዳካሊም እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ አንገቷን ሰበረችላቸው፤ አሮጊቷም ግራ እየገባቸው አንገታቸውን ሰበሩ።

አሳኩሳ ቤተ መቅደስ በር ላይ ሰው ከማለፉ በፊት እጁን የሚታጠብበት ገንዳ አለ። ውሃው ከድንጋይ አፍ ይወርዳል፤ ሰዎች እጀታው በረዘመ ጭልፋ እየቀዱ ይለቃለቃሉ። ናንዳካሊ ገና ከሩቅ ስታየው ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

«ተዪው፣ እትዬ። በረዶ ነው ውሃው።»

«እግዜር ቤት በጓንት ልግባ?»

«እጅሽ ይሰነጠቃል እያልኩሽ!»

«ይሰነጠቅ፤ የእኔ እጅ ነው እንጂ የሚኒስትር ሚስት ነው?» ብላ ታጠበች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስከ ክንዷ ድረስ፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው እስኪያቁነጠንጠው ታጠበች። ኬምራጅ መሐረቡን አውጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀላት፤ አውራ ጣቶቿን ሁለት ጊዜ። በአጠገባቸው ያለፉ ባልና ሚስት ዞር ብለው አይተው እርስ በርሳቸው ፈገግ አሉ። እንደዚህ ያለ ወንድም ማን አለው?

ከመቅደሱ ፊት ቆማ ረጅም ጸለየች። አምላኩ የእነሱ አይደለም፣ ስሙንም አታውቀው፤ ግን ጸሎት የሚያደርስ ሰው አድራሻ የሚጠይቅ አይመስላትም። ስትጨርስ ምን እንደጸለየች ጠየቃት፤ መጠየቅ ስላለበት ያህል።

«ሱቁን እንድትገዛው ነዋ። ጃኑካ ነግራኛለች፣ ሰውየው ሊሸጠው ነው አለችኝ። ‹ካንቻ በሰው ምጣድ ላይ ስንት ዘመን ያርራል፣ አንተው ታውቃለህ› አልኩት። እኔማ ምን አለኝ? ያለኝ አፍ ነው።»

ቃሉ እዚያች ደቂቃ ላይ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። እትዬ፣ አለሽ፤ ቤቱ አለሽ። ይኸው፣ አራት ቃል። አሥራ አንድ ዓመት ስትልክለት የኖረችው የደረቀ ቃሪያና የቅቤ ዕቃ ሁሉ እነዚህን አራት ቃላት ተሸክሞ የሚያሻግር ድልድይ ነበር። ነገር ግን የተጠየቀ ሰው እሺ እንደሚል እምቢም ሊል ይችላል፤ ኬምራጅ ደግሞ እምቢን ይዞ የሚመለስበት ጊዜ የለውም። ሰዓቱን አየ። «እንሂድ፣ ብዙ የምናየው አለ» አላት።

ምሳ ከማዕዘን ሱቅ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ገዛላት፤ አንዱ መቶ ስልሳ የን። ናንዳካሊ ዋጋውን ስትሰማ ቆመች። «የእነሱ ብር ከእኛ ሩፒ ብዙም አይለይም ብለኸኝ የለም? በዚህማ እኛ አገር ሩዙን ከነወጡ፣ ከነመቀመጫው ነው የምትበላው!» መቀመጫ ስለሌለ አንድ የመጠጥ መሸጫ ማሽን ተደግፈው በሉ። ውስጡ ያለው ጎምዛዛ ፍሬ ጥርሷ ሥር ሲገባ ፊቷ እንደ ሕፃን ተጨማደደ፤ መትፋት ነውር ስለሆነባት ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው። «መድኃኒት ነው አይደል?» አለች።

ቀጥሎ የመቶ የን ሱቅ አስገባት። ይሄ የጃኑካ ሐሳብ ነበር፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ እዚያ ይደሰታል። ናንዳካሊ መደርደሪያውን ሁሉ እንደ ሙዚየም እየቆመች አየች። ሦስት ማበጠሪያ ለተከራዮቿ፣ መርፌ ለቢሽኑማያ፣ ማጣሪያ። ከዚያ የብረታ ብረቱ ክፍል ስትደርስ እንደ ተተከለች ቀረች። በላስቲክና በካርቶን የታሸገ መቀርቀሪያ አንሥታ ገለባበጠችው።

«ካንቻ፣ ይሄ ለታች በር አይሆንም? ያ በር እኮ፣ አባባ የሠራው፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወለል ነው። ባለፈው ክረምት ውሻ ገብቶ እግሬ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ከነሚስማሩ ነው፣ እየው፣ አራት ሚስማር አለው። ያ እንጨት ይይዘው ይሆን?»

«ይይዘዋል።»

«ወይስ ትልቁን ልውሰድ? ቤት እኮ ዕድሜ ልክ ነው።»

«ትንሹ ይበቃል» አለና ከእጇ ወስዶ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። የሚፈርስ በር ላይ የሚመታ መቀርቀሪያ፤ ከነቀረጡ መቶ አሥር የን።

ገንዘብ ተቀባይዋ ያገራቸው ልጅ ሆና ተገኘች፤ የቋንቋ ተማሪ፣ ደረቷ ላይ ስሟን የለጠፈች። ሻርፑን አይታ ነው መሰል በአገርኛ ሰላም አለቻቸው። ኬምራጅ በአፍንጫው መለሰ፤ ያገሩን ሰው ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። ናንዳካሊ ግን አምስት ሳምንት የተጠራቀመ ወሬ አላት።

«ጓንትዎ ሲያምር፣ እትዬ! ብርዱ ነው?»

«ኧረ ወንድሜ ነው! ሳህን አያስነካኝም፣ ልጄ። ማታ ማታ በራሱ እጅ ነው ቅባት የሚቀባኝ።»

«ወይ መታደል!» አለች ልጅቷ ዕቃውን በመሣሪያው እያሳለፈች። ኬምራጅን ቀና ብላ አየችው፤ «የእኔ ወንድም ይሄን ቢሰማ! እሱስ እጄን የሚያስታውሰው ደመወዝ ስቀበል ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። ኬምራጅ ከፈለ። ደረሰኙን ጨምድዶ በሩ ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ጊዜው እንዲሄድለት ነፃ የሚገባበት፣ አርባ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ መመልከቻ ወሰዳት። ከላይ ሲታይ ከተማው ማለቂያ የለውም፤ ቤት፣ ቤት፣ ቤት፣ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ድረስ ቤት። ናንዳካሊ መጀመሪያ መስተዋቱን ፈራችው፤ ከዚያ ተጠግታ ግንባሯን አስደገፈችበት።

«ይሄ ሁሉ ቤት» አለች በመጨረሻ፣ «ባለቤት አለው?»

«አለው።»

«የእኛስ በየት በኩል ነው?»

ኬምራጅ አላሰበበትም። እጁን እንዲያው በመሰለው በኩል ዘረጋ። እሷም ወደዚያ ዞረች፤ መቀርቀሪያው ያለበትን ፌስታል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ በጓንቷ እጆቿን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ፀሐዩ ከጀርባቸው ሲያሞቀው ነው ያሳያት ቤታቸው ያለበትን ምዕራብ ሳይሆን ምሥራቁን፣ ባሕሩን መሆኑ የገባው። አላረማትም።

ወደ ኤምባሲው የሚወስደው መንገድ ላይ ነው የነገራት። «ትንሽ ወረቀት አለ፤ ለመመለሻሽ ነው፤ አሻራ ብቻ ይፈልጋሉ።» እሷም፣ «ወይኔ፣ እምቢ ይላቸዋል እኮ! ያ የአውሮፕላኑ ሰውዬ ሊያስለቅሰኝ ነበር» አለች። «አሁን እሺ ይላል» አለ ኬምራጅ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ፓስፖርት የጠፋበት ልጅና ሕፃን ያዘለች ሴት ብቻ ነበሩ። ጓንቷን አውልቆ ኪሱ ከተተው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው፤ ትምህርት ቤት ልታስገባው የወሰደችው ቀን እንዳደረገችው።

የተጠሩበት መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ባለ መነጽር፣ ሽበት የጀመረው፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ኬምራጅን ሳይሆን እሷን አየ።

«እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ?»

«ከየት አምጥቼ፣ ልጄ!»

«አንብቤላታለሁ» አለ ኬምራጅ ፈጥኖ። «ሰዓቱ እንዳይሄድብዎት።»

«ሰዓቱ የእኔ ነው» አለ ጸሐፊው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃል በቃል፣ ጆሮው ለከበደው ሽማግሌ እንደሚያነብ ሰው አነበበላት። «እኔ ናንዳካሊ፣ ታንሰን ከተማ ካለው የአባቴ ቤትና ቦታ የሚደርሰኝን ድርሻ በሙሉ ለወንድሜ ለኬምራጅ ለቅቄያለሁ። ሊሸጠው፣ ሊለውጠው ይችላል። ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ቤት ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም። ይሄ ነው የሚለው። ያውቁታል? በፈቃድዎ ነው?»

ከጀርባቸው ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሮ ተወ። ናንዳካሊ ወንድሟን አላየችውም። ኬምራጅ እንድታየው ፈልጎ ነበር፤ እንድትጮህበት፣ እንድትሰድበው፣ እዚያው ሰው ፊት በጥፊ እንድትለው። እሷ የምታየው ባንኮኒው ላይ የተዘረጉትን የገዛ ሁለት እጆቿን ነበር። አንዱን አውራ ጣት ገለበጠች። በሌላኛው ጣት ቀስ ብላ ዳበሰችው፤ ለስላሳ ነው። አምስት ሳምንት የተቀባ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ ያደረ፣ ድስት ያልነካ ጣት ነው። አምና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰው ያለው ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ እንደሚቆጥር ሰው።

«እናቴ፣ አይቸኩሉ» አለ ጸሐፊው። «ካልፈለጉ ወረቀቱን እመልሳለሁ። ማንም አያስገድድዎትም።»

ስንት ነገር ማለት ትችል ነበር። ግን በአገሯ ከወንድሟ ጋር በቤት የተጣላች ሴት ለበዓል የምትቀባው ግንባር የላትም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያለቻት አንዲት ግንባር ናት። ደግሞም ያሳደገችውን ልጅ ሰው ፊት ሌባ ማስባል አልሆነላትም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ቤት አንብቦልኛል።»

ጸሐፊው ኬምራጅን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ የቀለሙን ሣጥን ከፈተ። ቀኝ፤ ግራ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካችው፤ ሁለቱም ወጡ፤ አንዲት መስመር ሳትጎድል፣ እንደታተመ ጥልፍ። ሰውየው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አነሣና፣ የከበደውን አየር ለማቅለል ብሎ ነው መሰል፣ ፈገግ አለ።

«እንዴት ያለ ጥርት ያለ ነው! የእኛ አገር እናቶች እዚህ ሲመጡ ጣታቸው አልቆ ስንት መከራ ነው የምናየው። እርስዎ ሥራ የማያውቁ እመቤት ነዎት ማለት ነው።»

«አዎ» አለች ናንዳካሊ። «ወንድሜ ሳህን አያስነካኝም።»

ወደ ባቡሩ ሲመለሱ ከኋላው ትራመድ ነበር፤ ጫማዋ ቷ ቷ ይላል። ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ ቢሰጣት ተቀብላ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው እንጂ አላደረገችውም። ዛፎቹ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ መንገዱን ሞልቶታል፤ ጠዋት ቢሆን ይሄን ስታይ ስንት ነገር ትል ነበር። ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መቀርቀሪያውን አወጣች።

«ይሄን ሱቁ ይመልሰው ይሆን? አልተከፈተም እኮ።»

«ደረሰኙን ጥዬዋለሁ» አለ ኬምራጅ።

«እንግዲያው ይቅር» አለችና መልሳ ከተተችው።

ባቡሩ ውስጥ ቦታ ተገኝቶ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የአጎታቸው ልጅ ቤት አንድ ክፍል እንዳለ፣ በየወሩ እንደሚልክላት፣ ሱቁ ሲያድግ ደግሞ እንደሚያመጣት ሊነግራት አምስት ሳምንት ሲያጠናው የቆየ ንግግር ነበረው። ግን ባቡር ውስጥ ማንም አይናገርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህ ልማዳቸው እግዜርን አመሰገነ፤ እግዜር ምን እንዳለው አናውቅም።

ቤት ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነበር። ጃኑካ በሩን ከፍታ ባሏን በዓይኗ ጠየቀችው፤ እሱም በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ፊቷ በራ፤ ወዲያው ፈገግታዋን ሰበሰበች። ሩዝና ምስር፣ ደግሞ ለቀኑ ብላ ዶሮ ሠርታ ነበር። «እንዴት ነበር ከተማው፣ እትዬ? ደስ አለዎት?» አለች ስታቀርብ፤ «ትልቅ ነው» አለች ናንዳካሊ። በሉ። የናንዳካሊ ስልክ ጠራ፤ ቢሽኑማያ ናት። ናንዳካሊ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው፤ እስኪበቃው ጮኾ ዝም አለ።

ከዚያ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች።

አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ እጇ ገና ወደ ሳህን ሲዘረጋ ከሁለት በኩል «ተዪው!» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር። እሷም ሳህኖቹን ደረቷ ላይ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ እንደለመደችው። ባቡር አለፈና መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ጃኑካ ስልኳን አንሥታ ጎንበስ አለች። ኬምራጅ ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ከዚህ በላይ ቀላል ቃል የለም፤ ግን ዛሬ «ተዪው» ቢላት ለምን ብሎ ነው?

ናንዳካሊ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሳህኖቹን አጠበች፤ ብርጭቆዎቹን አጠበች፤ የሩዙን ማብሰያ አጠበች። ከዚያ ጠዋት ከእጇ የተነጠቀውን ድስት ከሥር አወጣችው። ያረረው ምስር እንደ ድንጋይ ደርቋል። በጥፍሯ ሞከረችው፤ አልለቀቀም። ማጠቢያው ዙሪያ በእጇ ዳበሰች።

«ካንቻ» አለች ሳትዞር፤ ድምፅዋ የሁልጊዜው ነው። «ያን የሽቦ መፈተጊያ የት ነው የደበቃችሁት?»

ኬምራጅ ተነሣ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከፓስታው ካርቶን ጀርባ፣ እሷ ቁመቷ ከማይደርስበት ቦታ አወጣውና በተዘረጋው መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ቀለሙ ገና ያልለቀቀው አውራ ጣቷ በላዩ ታጠፈ። ጀርባዋን ለሁለቱም ሰጥታ መፈተግ ጀመረች፤ አሥር ዓመት እንደናፈቃት ሥራ፣ በሙሉ ክንዷ፣ እየደጋገመች። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ቆረቆረ።

አላቆመችም።